ባለ 10 ግራሙ ክር ብቻውን ተረከዝን አይመረምርም፦ የሞኖፊላመንት ግምገማ

ዕቃው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የፕላስቲክ እጀታ፣ ጫፉ ላይ አራት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የናይለን ክር፣ አለቀ። ባትሪ የለው፣ ስክሪን የለው። ሆኖም የስኳር ሕመም ወይም የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው በውስጥ እግሩ ላይ የቀረው ስሜት ከቁስል ሊጠብቀው ይችል እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚናገር ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም። ስሙ ሞኖፊላመንት ነው፤ ሙሉ ስሙን የሚጠሩት ሴምስ-ዋይንስቲን ይሉታል። ሐሳቡን ያመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረስ ፀጉር ይመረምር የነበረው ማክስ ፎን ፍሬይ ሲሆን፣ በናይለን የተኩት ጆሴፊን ሴምስና ሲድኒ ዋይንስቲን ናቸው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ሥራዎ የስኳር ሕሙማንን እግር በየጊዜው ማየት ብቻ ከሆነ ባለ 10 ግራሙ ነጠላ ክር ይበቃዎታል፤ ሌላ አይግዙ። የተረከዝ ወይም የውስጥ እግር ቁስል በፍላፕ (ከነደም ሥሩ ከሌላ ቦታ በሚነሣ ቆዳ) የሚሸፍን የቀዶ ሕክምና ቡድን ውስጥ ከሆኑ፣ ወይም የነርቭ ጉዳት እየባሰ ነው እየተሻለ የሚለውን መከታተል ካለብዎ ግን ነጠላው ክር ግማሹን ነገር ይደብቅዎታል። ውፍረታቸው የሚለያይ ስድስት ክሮች ያሉበትን ስብስብ ይግዙ።

ክሩ እንዴት እንደሚሠራ ያልገባው ሰው ሲያበላሸውም አይታወቀውም። ክሩን ቆዳ ላይ ሲጫኑት ኃይሉ የሚጨምረው እስኪታጠፍ ድረስ ነው። ከታጠፈ በኋላ ቢጫኑትም መታጠፉ ይጨምራል እንጂ ቆዳው ላይ የሚያርፈው ኃይል ብዙም አይለወጥም። የነርሷ እጅ ከበደ፣ የሐኪሙ ቀለለ፣ በሽተኛው ላይ የሚያርፈው ያው 10 ግራም ነው። ብልሃቱ ያ ነው። ጣጣውም ከዚያው ይመጣል፤ ምክንያቱም የመታጠፊያው ኃይል ከክሩ ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር (ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት) ያድጋል፣ ከርዝመቱ ካሬ ጋር ደግሞ ይቀንሳል። 38 ሚሊ ሜትር የነበረ ክር ጫፉ ተሰብሮ 34 ቢቀር 10 ግራሙ ወደ 12.5 ግራም ይወጣል። ፋብሪካው ክሩን በ5 በመቶ ብቻ አወፍሮ ቢያወጣው ኃይሉ ከ20 በመቶ በላይ ይዘላል። የከበደ ክር ደግሞ አደገኛው ስህተት ነው፦ የደነዘዘው እግር «ተሰማኝ» ይላል፣ ሰውየው ተመስገን ብሎ ይሄዳል፣ ከወር በኋላ ጫማው ውስጥ የቀረ ጠጠር አጥንት ድረስ በልቶት ይመጣል። የላላ ክር የሚያስከትለው ግን ጤነኛውን እግር ደንዝዟል ማለት ነው፤ ያ ያስደነግጣል እንጂ እግር አያስቆርጥም።

እጀታው ላይ 5.07 ተጽፎ ካዩ ግራም አይምሰልዎ። ቁጥሩ ኃይሉ በሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ ተለክቶ የተወሰደ ሎጋሪዝም ነው፤ 5.07 የሚባለው ባለ 10 ግራሙ ነው፣ 4.31 ባለ 2 ግራሙ፣ 4.56 ባለ 4 ግራሙ፣ 6.65 ባለ 300 ግራሙ። ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ በግራም ይነጋገሩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ክሩን የት እንደሚነኩ የሚወስነው ውስጥ እግርን የሚያዳርሱት ነርቮች ካርታ ነው፤ ካርታውን ሳያውቁ መንካት ስልክ ቁጥር ሳያውቁ መደወል ነው። ዋናው ቲቢያል ነርቭ ነው። ከባት ጀርባ ወርዶ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ፣ በጠንካራ ማሰሪያ በተከደነ ጠባብ መተላለፊያ፣ ማለትም በታርሳል ዋሻ ያልፋል። በዋሻው ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ቅደም ተከተል ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ጅማት፣ ጣቶችን የሚያጥፈው ረጅም ጅማት፣ ደም ቅዳና ደም መልስ፣ ነርቩ፣ በመጨረሻም አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ነው። ነርቩ እዚያው አካባቢ በሦስት ይከፈላል።

ሚዲያል ፕላንታር የሚባለው ቅርንጫፍ የውስጥ እግሩን የውስጥ ጎን፣ ጎድጓዳውን ቅስት፣ አውራ ጣትን ጨምሮ ሦስት ጣት ተኩል ይይዛል። ላተራል ፕላንታር የውጭውን ጎንና የቀረውን አንድ ጣት ተኩል ይወስዳል። የእጅን ነርቭ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን በሚዲያን፣ ሁለተኛውን በአልናር ይመስለው። ሦስተኛው ሚዲያል ካልካኒያል የተረከዙ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዋሻው በላይ ተገንጥሎ ይወርዳል። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር በምርመራ ትልቅ ፍንጭ ናት፦ ጣቶቹና የፊት መርገጫው ደንዝዘው ተረከዙ ደህና ከሆነ፣ ነርቩ የታነቀው የተረከዙ ቅርንጫፍ ከወጣ በኋላ፣ ዋሻው ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ዳር ዳሩን ሌሎች ይጠብቁታል። ሱራል ነርቭ የእግሩን የውጭ ጠርዝና የተረከዙን የውጭ ጎን፣ ሳፌነስ ከቅስቱ በላይ ያለውን የውስጥ ጠርዝ፣ ጥልቁ ፐሮኒያል በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለውን የላይ ቆዳ። ስለዚህ ቲቢያል ነርቩ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ሰው ተረከዙ የውጭ ጠርዝ ላይ ሲነኩት «አዎ» ሊል ይችላል። ያ የሱራል መልስ ነው፤ የተረከዙን መሐል አይወክልም።

በዓለም አቀፉ የስኳር እግር መመሪያ የሚመከሩት ነጥቦች ሦስት ናቸው፦ የአውራ ጣት ሥር (የጣቱ የታችኛው ገጽ)፣ ከአውራ ጣት ጀርባ ያለው የመርገጫ አጥንት ራስ፣ ከትንሿ ጣት ጀርባ ያለው የመርገጫ አጥንት ራስ። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ የሚዲያል ፕላንታር፣ አንዱ የላተራል ፕላንታር ናቸው። ተረከዝ የለበትም። ለስኳር ሕመም ይህ ስህተት አይደለም፤ የስኳር ጉዳት ከጣት ጫፍ ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ስለሚወጣ የእግሩ ፊት ደህና ሆኖ ተረከዙ ብቻ የሚደነዝዝበት ጊዜ ብርቅ ነው፣ የተረከዝ ቆዳም ወፍራም ስለሆነ መልሱ ያሳስታል። ተረከዙ በመኪና አደጋ ተገሽልጦ ለመጣ ሰው ግን ባለ ሦስት ነጥቡ ምርመራ የተጎዳውን ቦታ ሳይነካ «ስሜቱ ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል።

ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው ዝርዝር ይሰፋል፦ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር፣ ሁለቱ የመርገጫ አጥንት ራሶች፣ የቅስቱ ጎድጓዳ፣ የተረከዙ መሐልና የውስጥ ጎን፣ የውጭው ጠርዝ፣ በአውራ ጣትና በሁለተኛው መካከል ከላይ። አራተኛውን ጣት ይተዉት፤ ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ነርቭ ስለሆነ መልሱ ለማንም አይሆንም።

አነካኩ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ክሩ አዲስ ከሆነ ወይም ከሌሊቱ ዕረፍት የተነሣ ከሆነ በመጀመሪያ ሁለት ጊዜ ባዶውን አጥፈው ይልቀቁት፤ የመጀመሪያዎቹ እጥፋቶች ከቀሩት ይጠነክራሉ። በሽተኛውን ያስተኙ፣ መጀመሪያ ክንዱ ላይ ነክተው ያሳዩት፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍን። ክሩን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ እስኪታጠፍ ይጫኑ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሰከንድ ይቆዩ፣ ቀጥ አድርገው ያንሡ። ቆዳ ላይ መንሸራተት የለበትም፤ የተንሸራተተ ክር ሌላ ስሜት ይቀሰቅሳል። በየነጥቡ ሁለት ጊዜ ይንኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይነኩ ይጠይቁ። ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል ከመለሰ ነጥቡ ደህና ነው፣ ሁለቱን ከሳተ ተከላካይ ስሜቱ የለም።

ያ ሳይነኩ የሚጠየቀው ጥያቄ በእኛ አገር ከሌላው አገር የበለጠ ያስፈልጋል። አንድ አባት «ይሰማዎታል?» ሲባሉ «አዎ ልጄ፣ ይሰማኛል» ይላሉ፤ ሐኪም ማሳፈር ነውር ነዋ። ከዚህ በላይ ደግሞ «ይሰማዎታል?» የሚለው ቃል ራሱ መስማትንም ስለሚይዝ፣ «እሰማለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» የሚሉ አሉ። «አሁን ነካሁዎት ወይስ አልነካሁዎትም?»፣ ቀጥሎ «የትኛው እግር? የቱ ጋ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጊዜውንም ያዘበራርቁ፤ በእኩል ልዩነት ከነኩ ሰውየው ዜማውን ይዞ ይመልሳል።

በባዶ እግሩ ለኖረ ገበሬ ሌላ ችግር አለ። ቆዳው የጠጠረበት ቦታ 10 ግራሙን ይውጠዋል፣ ነርቩ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ከጠጠረው ዳር ያለውን ለስላሳ ቆዳ ይንኩ። ከቁስልና ከጠባሳ ላይም አይንኩ።

የገበያው ዓይነት ሦስት ነው። ካርቶን ላይ የተለጠፈው የአንድ ጊዜ ክር ርካሽ ነው፣ ለዘመቻ ጥሩ ነው፤ እጀታው ስለሚተጣጠፍ ግን ቀጥ አድርጎ ለማቆም እጅ ይጠይቃል። እንደ እስክሪብቶ ክሩ ወደ ውስጥ የሚገባው ለኪስ ይመቻል፤ ጉድለቱ ክሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መጠቀም ነው። በግማሽ የወጣ ክር አጭር ክር ነው፣ አጭር ክር ደግሞ ከላይ እንዳየነው ከባድ ክር ነው። ሦስተኛውና የምንመርጠው እጀታው እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው ነው፦ ክሩ ሲታጠፍ መያዣው ውስጥ ይተኛል፣ አይጎብጥም።

ስብስብ ሲገዙ የብራዚሉ ሶሪ-ባውሩ ኪት አደራደር ጥሩ መለኪያ ነው። አረንጓዴ 0.05 ግራም፣ ሰማያዊ 0.2፣ ሐምራዊ 2፣ ጥቁር ቀይ 4፣ ብርቱካናማ 10፣ ደማቅ ሮዝ 300። አረንጓዴው ለእጅ ነው፤ ውስጥ እግር ሰማያዊውን ከተሰማው ጥሩ ነው፣ ሐምራዊውን ከተሰማው አይከፋም፣ ብርቱካናማውን ካልተሰማው ለቁስል ተጋልጧል። ሮዙን ብቻ የሚሰማ እግር ጥልቅ ግፊት ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ይሂዱ። ሁለቱን ቀጭኖች በየነጥቡ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ የቀሩትን አንድ አንድ ጊዜ ይንኩ።

ሻጩ «ካሊብሬትድ ነው»፣ ማለትም ኃይሉ ተለክቶ ተረጋግጧል፣ ስላለ አይመኑ። መሞከር ቀላል ነው፤ ወርቅ የሚመዝኑበት ዓይነት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ክሩን ሚዛኑ ላይ ቀጥ አድርገው እስኪታጠፍ ይጫኑና ቁጥሩን ያንብቡ፤ አምስት ጊዜ ይድገሙ። ከ9 እስከ 11 ግራም መካከል ከሆነ ይውሰዱት፣ ካልሆነ ይመልሱት። አንድ ክር በቀን 10 በሽተኛ ያህል ከሠራ በኋላ ይደክማል፣ 24 ሰዓት ማረፍ አለበት። የሚበዛ በሽተኛ የሚታይበት ክሊኒክ ሁለት ክር ይግዛና ያፈራርቅ። ናይለን እርጥበት ስለሚጠጣ በክረምት ይላላል፣ በበጋ ይጠነክራል፤ ሚዛኑን በወቅቶቹ መግቢያ መድገም አይከፋም። በአልኮል ጠርገው ያድርቁት። ኦቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ውስጥ የገባ ክር ከዚያ በኋላ ክር እንጂ መለኪያ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ጋ ስንደርስ የስብስቡ ዋጋ ይታያል። ተረከዝን ለመሸፈን እንደ ሚዲያል ፕላንታር ፍላፕ የሚመጥን የለም፤ ከቅስቱ፣ ከማይረገጠው ጎድጓዳ፣ ያንኑ ወፍራምና ፀጉር አልባ ቆዳ ከነደም ሥሩ አንሥቶ ወደ ተረከዝ ማዞር ነው። ደም ሥሩ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ በሚያርቀው ጡንቻና ጣቶችን በሚያጥፈው አጭር ጡንቻ መካከል ይሄዳል። ወደ ቆዳው የሚገቡት የነርቭ ክሮች ግን ከዋናው ሚዲያል ፕላንታር ነርቭ ጋር በአንድ ሽፋን ውስጥ ናቸው። በማጉያ መነጽር ከግንዱ ሰንጥቆ መለየት ያስፈልጋል፤ የተቸኮለ ሰው ወይ የፍላፑን ስሜት ያጣል፣ ወይ የአውራ ጣትን። የተነሣበት ቦታ ከጭን በተወሰደ ስስ ቆዳ ይለበሳል።

ከመክፈትዎ በፊት ክሩ ሁለት ነገር ይነግርዎታል። አንደኛ፣ ቅስቱ 10 ግራሙን የማይሰማ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቆየ የሥጋ ደዌ ጉዳት፣ ፍላፑ ጥሩ ቆዳ ያመጣል እንጂ ስሜት አያመጣም፤ የነርቩን ጥቃቅን ክሮች በመሰንጠቅ ሰዓት አያጥፉ። ሁለተኛ፣ የጣቶቹን መልስ አስቀድመው ከጻፉ፣ ከቀዶው በኋላ አውራ ጣት ሲደነዝዝ ቀድሞም የነበረ ነው ወይስ ምላጩ ያመጣው የሚለው ክርክር አይነሣም። የደም ሥሩን ነገር ግን ክር አይነግርዎም። ከቁርጭምጭሚቱ ጀርባ ያለውንም የእግሩን ጀርባ ላይ ያለውንም ምት በጣትና በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚለይ መሣሪያ) ያረጋግጡ።

ከቀዶው በኋላ ነርቩ ሳይቆረጥ የዞረ ፍላፕ ስሜቱን ወዲያው ይዞ ይመጣል፤ ቁስሉ ሲዘጋ መመርመር ይቻላል። እዚህ ጋ የሚያስገርም መልስ ይጠብቅዎታል፦ አዲሱን ተረከዝ ሲነኩት በሽተኛው «ቅስቴን ነካኸኝ» ይላል። አእምሮው የቆዳውን የድሮ አድራሻ አልቀየረም። ይህ ስህተት ተብሎ አይመዘገብም፤ ነርቩ በሕይወት ለመኖሩ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጭን፣ ተወስዶ ነርቩ በጥቃቅን ስፌት የተቀጠለ ፍላፕ ሌላ ነው። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ከመነሣቱ በፊትም ለጥቂት ሳምንታት ይዘገያል። ከስፌቱ እስከ ፍላፑ መሐል 9 ሳንቲ ሜትር ካለ ከአራት ወር በፊት መሐሉ ላይ ዝም ቢል አይደንግጡ፤ በ6 ሳምንት ለክቶ «ከሸፈ» ማለት ትዕግሥት ማጣት ነው። በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ይለኩ፣ ዳሩንና መሐሉን ለየብቻ ይጻፉ። ነርቭ ያልተቀጠለለት ፍላፕም ከጎረቤት ቆዳ እየገባ ከዳር ወደ መሐል ትንሽ ስሜት ያገኛል፤ ዳሩን ብቻ ነክቶ ስፌቱን ማመስገን የተለመደ ስህተት ነው። ከባት የሚዞረው የሱራል ፍላፕ ደግሞ ሱራል ነርቭን ይዞ ስለሚነሣ የእግሩን የውጭ ጠርዝ ያደነዝዛል። በሽተኛው ለቀዶው ከመፈረሙ በፊት ያንን ጠርዝ በክሩ ነክተው «ይህን ቦታ ልናደነዝዘው ነው» ብለው ቢያሳዩት ከአሥር ቃል ይሻላል።

ክሩ የማይለካውን ማወቅም ያስፈልጋል። ፍላፑ እንደ ስፖንጅ በአጥንቱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ፣ 2 ግራም ቢሰማውም ሲራመድ ይቆስላል፤ ያንን በእጅዎ አውራ ጣት ገፍተው ያዩታል። ሌሊት «ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን ይሄድብኛል» የሚል ሰው የክሩን ምርመራ በሙሉ ሊያልፍ ይችላል፤ የተጎዱት ሌሎች ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ናቸውና ክሩ አያገኛቸውም።

ለሥጋ ደዌ ክትትል ስብስቡ ያለ ጥርጥር ገንዘቡን ያወጣል። በበሽታው ከሚጎዱ ነርቮች ቲቢያል ከፊተኞቹ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመውን አለርትን የመሰለ ማዕከል የኖረበት ሥራም ይኸው ነው። በነጠላ 10 ግራም ክር የሚያገኙት «ቆሟል» ወይም «ወድቋል» የሚል መልስ ብቻ ነው። በስብስቡ ግን ባለፈው ወር ሐምራዊውን የሰማ ነጥብ ዛሬ ብርቱካናማውን ብቻ ሲሰማ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ነጥቦች አብረው ሲወርዱ፣ እግሩ ገና ሳይቆስል ያያሉ። ከ6 ወር ያልበለጠ የነርቭ ጉዳት በፕሬድኒሶሎን (የነርቩን ብግነት በሚያበርድ መድኃኒት) የመመለስ ዕድል አለው፤ ከዚያ በላይ የቆየው ግን ብዙም አይመለስም።

ክር ለሌለው፦ የሁለቱንም እግር አውራ፣ መሐልና ትንሽ ጣት ጫፍ በሌባ ጣት ለአንድ ሁለት ሰከንድ በስሱ መንካት ይቻላል፤ ከስድስቱ ሁለትና በላይ ካልተሰማ አደጋ አለ። ሲመቱት የሚንዘረዘረው ባለ 128 ኸርዝ የብረት ሹካም የንዝረት ስሜትን ይለካል፣ ጥሩ ጓደኛ ነው። የእስክሪብቶ ጫፍ በሥጋ ደዌ ሥራ የቆየ ነው፣ ግን ኃይሉ እንደ እጁ ባለቤት ነው።

ስብስቡን ሲገዙ ከደብተር መሸጫ ባለ ቀለም እርሳስም አብረው ይግዙ፤ የእግር ሥዕል ያለበትን ወረቀት አባዝተው እያንዳንዱን ነጥብ በተሰማው ክር ቀለም ይሙሉት። ቀጣዩ መርማሪ ሌላ ሰው ቢሆን እንኳን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እየወረደ እንደሆነ አንድ መስመር ሳያነብ ያየዋል።